ጀበናዬ ለምን ላስቲክ መሰለ? በኮምፒውተር የ3ዲ ቅርጽ ሠርተው ቀለም ለሚጀምሩ

ጥያቄ፦ «ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ሶፍትዌር የመጀመሪያ ሞዴሌን ሠራሁ። ጀበና ነው። ቅርጹ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ግን ወድጄዋለሁ። ማቅለም ስጀምር ሁሉ ነገር ተበላሸ። የብሩሹ ጠርዝ ይፍረከረካል፣ ጥርት ያለ መስመር እምቢ አለኝ። ጥቁር ስቀባው ደግሞ የላስቲክ ዕቃ ይመስላል እንጂ ሸክላ አይመስልም። ይባስ ብሎ ፋይሉን ኤስቲኤል በሚባለው ፎርማት ለጓደኛዬ ስልክላት ነጭ ሆኖ ተከፈተላት። ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም ነው ያለው፤ የምሠራውም በማውስ ነው። ቀጥሎ የአያቴን ፊት ልቀርጽ አስቤ ነበር፤ አሁን ግን ፈራሁ። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ምንም አትፍሪ። የነገርሽኝ ችግሮች ይህን ሥራ የጀመረ ሰው ሁሉ የሚያልፍባቸው ናቸው። የጠርዙ መፍረክረክና የፋይሉ ነጭ መሆን ከአንድ ቦታ ነው የሚመጡት፤ ቀለሙ የት እንደተቀመጠ ካለማወቅ። የላስቲኩ ነገር ግን ለብቻው ነው። እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ሥራሽን ሰው ቆም ብሎ እንዲያየው የሚያደርገው እሱ ነውና።

በመጀመሪያ ቀለሙ የት እንዳለ እንይ። ቅርጽ በምትቀርጪበት ስካልፕት ሞድ የቀለም ብሩሽ አንስተሽ ስትቀቢ፣ ቀለሙ የሚያርፈው በሜሹ፣ ማለትም ቅርጹን በሚሠራው የነጥቦች መረብ፣ ነጥቦች ላይ ነው። አንድ ነጥብ አንድ ቀለም ብቻ ይይዛል። በሁለት ነጥቦች መሀል ያለውን ባዶ ቦታ ሶፍትዌሩ ራሱ ሁለቱን ቀለሞች አዋህዶ ይሞላዋል። ስለዚህ ነጥቦቹ የተራራቁ ከሆነ መስመርሽ ይደበዝዛል፣ ጠርዙም ይፍረከረካል። ጥልፍ የሠራ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። ድርና ማጉ በተራራቀ ጨርቅ ላይ ጥቃቅን አበባ መጥለፍ አይቻልም። ጥፋቱ የመርፌው ሳይሆን የጨርቁ ነው።

በቁጥር እንየው። ጀበናሽ 100,000 ነጥብ አለው እንበል። ብዙ ይመስላል። በፎቶ ቋንቋ ግን 316 በ316 ፒክስል የሆነች ትንሽ ምስል ማለት ነው። 1,024 በ1,024 የሆነ ምስል እንኳ 1,048,576 ፒክስል አለው። 2,048 በ2,048 ሲሆን 4,194,304 ይደርሳል። ያንን ጥራት በነጥብ ለማግኘት ከ4 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ያለው ሜሽ ያስፈልግሻል። 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ያንን ተሸክሞ እንደልብ አይንቀሳቀስልሽም። በምስል ከሆነ ግን እንደ ቀልድ ይይዘዋል።

ሁለተኛው የቀለም ማደሪያ እንግዲህ ይሄው ምስል ነው። ተራ የፒኤንጂ ፋይል። ጠፍጣፋው ምስል ክቡ ጀበና ላይ እንዴት እንደሚለበስ የሚወስነው ደግሞ ዩቪ ይባላል። ልብስ ሰፊ ዘንድ ኮት ሲፈታ አይተሽ ከሆነ ዩቪን አውቀሽዋል። ሰፊው ስፌቱን ይፈታና እጅጌውን፣ ጀርባውን፣ ደረቱን ለየብቻ ጠረጴዛው ላይ ያነጥፋቸዋል። ጨርቁ አልተቀደደም፣ አልተለጠጠም፤ ተዘረጋ እንጂ። አንቺም ጀበናው በየት በየት በኩል እንደሚፈታ ለብሌንደር ትነግሪዋለሽ።

እኔ ብሆን ዋናውን ስፌት በእጀታው በኩል አድርጌ ከአንገቱ እስከ መቀመጫው ቁልቁል አወርደዋለሁ። እጀታው ስለሚከልለው ዓይን አይገባም። ሌላ ስፌት አንገቱ ከሆዱ በሚገናኝበት ዙሪያ፣ ሌላ ደግሞ በመቀመጫው ዙሪያ። ጡቱና እጀታው ከሆዱ ጋር በሚጋጠሙበት ቦታ ዙሪያቸውን፣ ከዚያ ከሥር በኩል በርዝመታቸው እፈታቸዋለሁ። ጠርዞቹን መርጠሽ ማርክ ሲም ትያለሽ፣ ከዚያ አንራፕ። ይህ ለጊዜው ከከበደሽ ስማርት ዩቪ ፕሮጀክት አለልሽ። ቁርጥራጭ ያበዛል እንጂ ይሠራል። ግን አይላንድ ማርጂን የሚለው 0 ላይ ስለሚመጣ 0.01 አካባቢ አድርጊው፤ አለዚያ የአንዱ ቁራጭ ቀለም በሌላው ላይ ይፈሳል።

አንድ ነገር አደራ። ቅርጹን ሙሉ በሙሉ ሳትጨርሺ ዩቪ አትሥሪ። ከዩቪ በኋላ ሪሜሽ ካደረግሽ፣ ማለትም ሜሹን እንደ አዲስ ካሠራሽው፣ የነጥቦቹ አቀማመጥ ይለወጣል፣ የፈታሽው ሁሉ ይበላሻል።

ፋይሉ ለምን ነጭ ሆነ? ኤስቲኤል በመሠረቱ ቅርጽን ብቻ የሚይዝ ፎርማት ነው፤ ብሌንደር በኤስቲኤል ሲያወጣ ቀለም አብሮ አይሄድም። ሌላው የተለመደ ፎርማት ኦቢጄም ቢሆን በነጥብ ላይ ያለ ቀለም በመደበኛ ደንቡ ውስጥ የለውም፤ አንዳንዱ ሶፍትዌር ይቀበለዋል፣ አንዳንዱ ይተወዋል። በራስሽ ብሌንደር ውስጥም ማቴሪያል ፕሪቪው ወደሚባለው እይታ ስትሄጂ ቀለሙ ከጠፋብሽ አትደንግጪ፣ አለ። ማቴሪያሉ፣ ማለትም የሞዴሉን ቀለምና ማብረቅ የሚወስነው ቅንብር፣ ስላላወቀው ነው። ማቴሪያሉ በሚስተካከልበት ሼደር ኤዲተር ውስጥ ከለር አትሪቢዩት የሚባለውን ኖድ (በመስመር ከሌላ ጋር የሚገናኝ ሳጥን) ጨምሪና ከቤዝ ከለር ጋር አገናኚው። ወዲያው ይመጣል።

እንግዲህ የትኛውን ትጠቀሚ? ለጀማሪ የምመክረው ሁለቱንም ነው፣ በቅደም ተከተል። መጀመሪያ ነጥቦቹ ላይ በነፃነት ቀቢ። ዩቪ አያስጨንቅሽ፣ እጅሽ ይፍታታ። ትላልቁ ቀለም ሲያምርሽ ወደ ምስል አዛውሪው። ማዛወሩን ቤክ ማድረግ ይሉታል። ጥቃቅኑን ነገር ደግሞ ከዚያ በኋላ በቴክስቸር ፔይንት በምስሉ ላይ ትጨርሽዋለሽ።

ላፕቶፕሽን የሚያሳርፈው አካሄድ ይህ ነው። የቀረጽሽውን ከባድ ጀበና ኮፒ አድርጊና ኮፒውን ወደ 20,000 ገጽ (የሜሹ ትናንሽ ቁራጮች) አካባቢ አቅልዪው። ዩቪውን የምትሠሪው በዚህ በቀላሉ ላይ ነው። ለቀላሉ ማቴሪያል ስጪው፣ ውስጡም ኢሜጅ ቴክስቸር ኖድ ጨምሪና 2,048 በ2,048 የሆነ አዲስ ምስል ፍጠሪለት። ከዚያ ሬንደሩን፣ ማለትም ምስል የሚያወጣውን የብሌንደር ሞተር፣ ወደ ሳይክልስ ቀይሪ። መጀመሪያ ከባዱን ምረጪ፣ ሺፍት ይዘሽ ቀላሉን ጨምሪ። ሰሌክትድ ቱ አክቲቭ የሚለውን አብሪው። የቤኩን ዓይነት ዲፊውዝ አድርጊና ዳይሬክትና ኢንዳይሬክት የሚሉትን አጥፊ፤ ከለር ብቻ ይቅር። ይህን ከረሳሽ የመብራቱ ጥላ ከቀለሙ ጋር ተጋግሮ ይቀራል። ብሌንደር ምስል አላገኘሁም ካለሽ ኢሜጅ ቴክስቸር ኖዱን ሳትነኪው ቀርተሻል ማለት ነው። አንዴ ጠቅ አድርገሽ ምረጪውና ድገሚው።

ብሌንደር ከቀላሉ ምን ያህል ርቆ ከባዱን እንደሚፈልግ የምትወስን ኤክስትሩዥን የምትባል ቁጥር አለች። ጀበና ላይ በተለይ ታስቸግራለች። በጣም ካነሰች ሆዱ ላይ ጥቁር ቀዳዳዎች ይታያሉ። በጣም ከበዛች ደግሞ እጀታው ለሆዱ ቅርብ ስለሆነ የእጀታው ቀለም ሆዱ ላይ ታትሞ ይወጣል። ከትንሽ ጀምረሽ ቀዳዳው እስኪጠፋ ብቻ ጨምሪ። በዚሁ መንገድ፣ ዓይነቱን ወደ ኖርማል ቀይረሽ፣ ለብቻው ምስል ላይ የቅርጹን ጥቃቅን ዝርዝር ታዛውሪያለሽ። ቀላሉ ጀበና የከባዱን መልክ ይዞ ቁጭ ይላል።

አሁን ወደ ላስቲኩ እንምጣ።

ብሌንደር አዲስ ማቴሪያል ሲሰጥሽ ራፍነሱ (ማብረቁን የሚለካው ቁጥር፤ ሲያንስ ያበራል፣ ሲበዛ ይደርቃል) 0.5 ነው፤ ከአፉ እስከ መቀመጫው አንድ ዓይነት። አንቺ ደግሞ ከላይ አንድ ወጥ ጥቁር ቀባሽበት። ወጥ ቀለምና ወጥ ማብረቅ አንድ ላይ ሲሆኑ ዓይናችን የሚያውቀው ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ ላስቲክ ነው። ጀበና ግን ከፋብሪካ አልወጣም። ሰው በእጁ ሠርቶት፣ እሳት አይቶ፣ ጭስ ጠጥቶ፣ ስንት ጊዜ ቡና ገንፍሎበት ነው እዚህ የደረሰው። ቀለም ስትቀቢ ያንን ታሪክ ነው የምትቀቢው። ብዙ የማስተማሪያ ቪዲዮ የትኛውን ቁልፍ እንደምትጫኚ ይነግርሻል እንጂ ይህን አይነግርሽም። እኔ ግን ከሁሉ በላይ ይሄኛው እንዲገባሽ እፈልጋለሁ።

ቤት ካለው ጀበና አንዱን አውጪና መስኮት አጠገብ አስቀምጪው። መብራቱን አጥፊ፤ የቀን ብርሃን ይበቃል። ማቶቱ ላይ አድርገሽ ቀስ ብለሽ አዙሪው። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን እያየሁ ልንገርሽ።

ሆዱ ጥቁር አይደለም። ወደ ቡና የሚያደላ ጠቆር ያለ ነው፤ ወደ አንገቱ ስትወጪ ቀላ ይላል። በሆዱ ዙሪያ ቀጫጭን አግድም መስመሮች አሉ። ሸክላ ሠሪዋ ሳይተኮስ በፊት በለስላሳ ድንጋይ ስትጠርገው የሄደችበት ነው። ቀለማቸው ከሌላው አይለይም። ማብረቃቸው ብቻ ነው የሚለየው፤ ጀበናውን ካላዞርሽው አታያቸውም። መቀመጫው ጥላሸት ነው፣ ድርቅ ያለ፣ ብርሃን የማይመልስ። ከጥላሸቱ በላይ ሳሳ ያለ አመድ የነካው ግራጫ ቀለበት አለ። ከጡቱ ጫፍ ጀምሮ ቡና የወረደበት መስመር ይታያል፤ ደርቆ እንደ ቫርኒሽ ያበራል። የእጀታው የውስጥ በኩል፣ ጣት የሚጠቀለልበት፣ ከሌላው ሁሉ ለስልሷል። የእጅ ወዝ ነው። አፉ ላይ ደግሞ ተሸርፎ የውስጡ ሸክላ ቀይ ሆኖ ይታያል።

ይህን ሁሉ ወደ ቁጥር እንመልሰው። ለሆዱ ቀለም ከ0 እስከ 255 ባለው መለኪያ ከ30 በታች አልወርድም። ከዚያ በታች የወረደ ጥቁር ብርሃን ውጦ ቅርጹን ያጠፋዋል፤ ሁለት ሳምንት የደከምሽበት ቅርጽ ጉድጓድ ይሆናል። የሆዱን ራፍነስ 0.65 አካባቢ፣ በድንጋይ የተጠረጉትን መስመሮች 0.4፣ የእጀታውን ውስጥ 0.35፣ ጥላሸቱን 0.9፣ የደረቀውን ቡና 0.2 አድርጌ እጀምራለሁ። እነዚህ የእኔ መነሻዎች ናቸው። ያንቺ ጀበና ሌላ ካለሽ እሱን ስሚ። ሜታሊክ የሚለውን 0 ላይ ተዪው፤ ሸክላ ብረት አይደለም።

ራፍነሱን እንዴት ትቀቢያለሽ? ሌላ አዲስ ምስል ፍጠሪና መካከለኛ ግራጫ ሙዪው። ከራፍነስ ጋር አገናኚ። ጥቁር ስትቀቢበት ያበራል፣ ነጭ ስትቀቢበት ይደርቃል። ምስሉ ላይ ከለር ስፔስ የሚለውን ግን ኖን-ከለር አድርጊው። ይህቺን ትንሽ ምርጫ የሚረሳት ብዙ ነው። ከረሳሻት ብሌንደር ምስሉን እንደ ቀለም ያነበዋል፤ በምስሉ ውስጥ 0.5 የሆነው ግራጫ 0.21 አካባቢ ሆኖ ይገባና ጀበናው ሁሉ ውሃ የነካው ይመስላል። ለኖርማሉም ምስል እንዲሁ ኖን-ከለር ነው።

መጀመሪያ ራፍነሱን፣ ቀጥሎ ቀለሙን ብትሠሪ እንኳ አልቃወምሽም። ሞክሪው። ጀበናውን አንድ ወጥ ጠቆር ያለ ቡናማ አድርጊና ራፍነሱን ብቻ ቀቢ። ግማሽ መንገድ ላይ ላስቲክ መሆኑ ይቀራል።

ጎድጎድ ያለ ቦታ አቧራና ጥላሸት ይይዛል፣ ወጣ ያለ ቦታ ይፋቃል። ይህን የሚያግዝሽ መሣሪያ አለ። ቨርቴክስ ፔይንት ውስጥ፣ ፔይንት ከሚለው ምናሌ ደርቲ ቨርቴክስ ከለርስ ትያለሽ፤ ጎድጓዳውን ራሱ ፈልጎ ያጠቁረዋል። ዋናውን ቀለም እንዳይነካብሽ አዲስ ከለር አትሪቢዩት ጨምረሽ እዚያ ላይ ሥሪው። መሣሪያው ግን ሁሉንም ጉድጓድ እኩል ነው የሚያቆሽሸው። እውነተኛ ቆሻሻ እኩል አይደለም። እጅ የሚደርስበት ይጠረጋል፣ ከእጀታው ሥር ያለው ይቀራል። ስለዚህ ካጠቆረልሽ በኋላ ግማሹን በእጅሽ አጥፊው።

የሸክላ ፎቶ ከኢንተርኔት አውርጄ ልለጥፍ የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል። ችግሩ ፎቶው ውስጥ የሌላ ቦታ ብርሃን ታትሟል። አንቺ መብራቱን በግራ አድርገሽ ጥላው በቀኝ ከሚሆንበት ሥራ ላይ፣ የፎቶው ጥላ በግራ ይወድቃል። ፎቶ ከፈለግሽ ራስሽ አንሺ፤ ደመና ባለበት ቀን ደጅ ላይ፣ ፍላሽ ሳይበራ።

ማውሱ አያሳስብሽ። የሥዕል ታብሌት ፔን የምትሰጠው የእጅ ግፊት የለውም፤ እሱን በብሩሹ ጉልበት ትተኪዋለሽ። ስትሬንግዙን 0.2 አድርጊና አንዱን ቦታ አራት አምስት ጊዜ እየደጋገምሽ ቀቢ። ለረጅም መስመር፣ ለምሳሌ ለቡናው ፍሳሽ፣ ስታቢላይዝ ስትሮክን አብሪ። ብሩሹ እጅሽን ትንሽ ወደ ኋላ እየተከተለ መንቀጥቀጡን ይውጠዋል።

ወደ ሌላ ሶፍትዌር ብትሄጂም ነገሩ ያው ነው። ዚብረሽ የሚባለው የመቅረጫ ሶፍትዌር በነጥብ ላይ መቀባቱን ፖሊፔይንት ይለዋል። እዚያ ቅርጽ የሚጨምረውን ዜድአድ አጥፍተሽ ቀለም የሚቀባውን አርጂቢ ብቻ ካላበራሽ እየቀባሽ ቅርጹንም ታበላሺዋለሽ። ሲከፈት የሚመጣው ቀይ ሰም የሚመስል ማቴሪያልም ቀለምሽን ሁሉ ስለሚያቀላው፣ ከመቀባትሽ በፊት ወደ ስኪንሼድ4 ቀይሪው። በታብሌት የሚሠራው ኖማድ ደግሞ ቀለሙንም ራፍነሱንም በአንድ ብሩሽ ነጥቦቹ ላይ ያስቀምጣል። ለልምምድ በጣም ደስ ይላል።

የአያትሽን ፊት ስላነሳሽው። ቅረጪው፤ እኔ በጣም ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ቪዲዮዎቹ ግንባሩን ቢጫ፣ መሀሉን ቀይ፣ አገጩን ወደ ሰማያዊ ያደላ አድርጊ ይሉሻል። ያ ልማድ ከነጭ ቆዳ የመጣ ነው። በጠይም ወይም በጥቁር ፊት ላይ እንዳለ ከገለበጥሽው ፊቱ አመድ ይመስላል፣ የታመመ ይሆናል። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ጎልቶ የሚታየው የጥቁረቱ ልዩነት ነው። በዓይን ዙሪያና በከንፈር ጠርዝ ጠቆር ይላል፤ የታችኛው ከንፈር ውስጡ ፈካ ይላል። እጇንም ከቀረጽሽ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ይጠቁራል፣ መዳፏ ግን ፈካ ያለ ነው። ግራጫ ወይም ጥቁር ብቻ ጨምረሽ አታጥቁሪ፤ ሞቅ ያለ ቡናማና ቀይ ቡናማ ተጠቀሚ። ደግሞም ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ብርሃኑ ሲያርፍ ጎልቶ ይታያል፣ ቅርጹን የሚያሳየውም እሱ ነው። ግንባሯ፣ አፍንጫዋ፣ ጉንጯ ላይ ራፍነሱን ቀነስ አድርጊ። ቅቤ የተቀባ ፀጉሯ ሥር ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ጀበናው ላይ ያየሽው ማብረቅ እዚህ እንደገና ይጠቅምሻል።

የማስቀመጡን ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም። አንድ ጊዜ ሙሉ ቀን የቀባሁት ሥራ ጠፍቶብኛል። ፋይሉን በየአሥር ደቂቃው ሴቭ ሳደርግ ነበር የዋልኩት። የብሌንደር ፋይል ሴቭ ሲደረግ ግን የቀባሽው ምስል አብሮ ሴቭ አይሆንም፤ ምስሉ ለብቻው ነው። ኢሜጅ ኤዲተር ውስጥ ኢሜጅ ከሚለው ቃል አጠገብ ኮከብ ካየሽ አልተቀመጠም ማለት ነው። ማውሱን እዚያ መስኮት ላይ አድርገሽ ኦልት እና ኤስ ተጫኚ። ቀለሙን፣ ራፍነሱን፣ ኖርማሉን፣ ሦስቱንም።

ለጓደኛሽ ስትልኪ በጂኤልቢ ላኪላት። ቅርጹም ምስሎቹም በአንድ ፋይል ተጠቅልለው ይሄዳሉ። ከመላክሽ በፊት ግን አዲስ ባዶ ብሌንደር ክፈቺና ፋይሉን ራስሽ አስገቢው፣ ማቴሪያል ፕሪቪው ላይም እዪው። ጀበናው ከነጥላሸቱ፣ ከነቡናው ፍሳሽ ከመጣልሽ፣ ለእሷም እንዲሁ ይከፈትላታል።